በሐይቅና በአምባሰል ያለው የጽዋ ማኅበር የመደማመጥ ሥርዓትና የካቶሊካውያን ሲኖዶስ

በሐይቅና በአምባሰል አገር የሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን በወር አንድ ቀን፥ በመረጡት ጻድቅ ወይም ሰማዕት ስም እየተሰበሰቡ ጽዋ ይጠጣሉ። ልማዱ በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል የታወቀ ስለ ሆነ ስለ ድግሱ ማተት አያስፈልግም፤ ነገር ግን በጽዋው ዙሪያ ያለው የመደማመጥ ሥርዓት ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ማኅበርተኞቹ የሚገናኙት በተረኛው ቤት ነው። የነፍስ አባት ጸሎት አድርሶ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል፤ ሙሴ የተባለው የማኅበሩ አለቃ ደግሞ ሥርዓቱን ይጠብቃል፥ የቀረ ማኅበርተኛ ቢኖር ስለ ምን እንደ ቀረ ያስጠይቃል። የታመመ ቢሆን ይጠይቁታል፥ ያዘነ ቢሆን ያጽናኑታል። ከወንድሙ ጋር የተቀያየመ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ነውና። በዚህ ጊዜ ሽማግሌዎች ሁለቱን አስቀምጠው በተራ ያናግራሉ። አንደኛው ቃሉን እስኪጨርስ ድረስ ሁለተኛው አያቋርጠውም፤ ቢያቋርጥ «ተራህን ጠብቅ» ተብሎ ይገሠጻል። በደሉ ከተለየ በኋላ በዳይ ይክሳል፥ ተበዳይም ይቅር ለእግዚአብሔር ይላል፤ ጽዋውም የሚዞረው ከዚያ ወዲያ ነው። ነገሩ ሲረዝም ስትደግስ የሰነበተችው ባለቤት ማዕዱን ይዛ ትጠብቃለች፤ የእርስዋ ቃል ግን በሽማግሌዎቹ መካከል እምብዛም አይሰማም።

ማኅበሩ የሚያስታርቀው ማኅበርተኛን ብቻ ነው። በወሎ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን መገኘቱ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ጠቡ ከሃይማኖት ወሰን ሲያልፍ፥ ይልቁንም ደም ሲፈስ፥ አበጋር የሚባሉ የእርቅ አባቶች ይጠራሉ።

ካቶሊካውያንም በዚህ አገር በቍጥር ጥቂት ቢሆኑ፥ በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ናቸው። የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከታቸው በጥር 2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተከፍሎ ተቋቋመ። ከዚያም በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በዓለም ያሉ ቁምስናዎች ሁሉ ምእመናንን ሰብስበው እንዲያዳምጡ ጥሪ አደረጉ። የጉባኤው ስም ሲኖዶስ ነው፤ ይህም ቃል በጽርእ ቋንቋ «አብሮ» እና «መንገድ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገኘ ነው። ሥርዓቱ በኋላ በሮም ጉባኤ እንደ ታየው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ በተራ ይናገራል፥ ማንም አያቋርጠውም፤ ጥቂት ጊዜ በዝምታ ይጸለያል፤ ቀጥሎ ሰው የራሱን ሐሳብ ትቶ ከሌላው ቃል ልቡን የነካውን ይናገራል፤ በመጨረሻም በአንድነት ይመክራሉ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ።

ለሐይቅ ሽማግሌ ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል እንግዳ አይሆንበትም፤ ሁለተኛው ግን፥ ማለትም የባላንጣን ቃል መልሶ መናገር፥ በጽዋው ሥርዓት ውስጥ የለም። በአንጻሩ ማኅበሩ ሲኖዶስ የሌለው ኃይል አለው። ያልሰማ ሰው ጽዋ አይቀምስም። ሲኖዶስ ግን ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ምክር ያቀርባል እንጂ በራሱ አይፈርድም፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የተፈጸመውን የጉባኤውን ሰነድ ፍራንሲስ የራሳቸውን ጽሑፍ ሳይጨምሩ መቀበላቸው የርሳቸው ፈቃድ ነበረ። በቁምስናም ያለው ችግር ይኸው ነው፤ ምእመኑ ከተናገረ በኋላ ቃሉ የት እንደ ደረሰ ካላየ፥ በሁለተኛው ጊዜ አይመጣም።

የመደማመጡ ጥሪ በተላለፈበት በዚያው ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ ደረሰ፤ ደሴም የተለቀቀችው በኅዳር መጨረሻ ነበረ። ከቤቱ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው በማንኛውም ማኅበር ተራ የለውም፤ ድግስ የሚያወጣበት ቤት የለውምና። የሲኖዶሱ መመሪያ ግን ድኾችና የተገለሉ፥ ሃይማኖታቸውም ሌላ የሆነ ሰዎች ይሰሙ ዘንድ ያዝዛል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው መግቢያ የሚሆነው በር በዚህ በኩል ነው።