ሄሎ ተባብለው የማይግባቡ ራውተሮች

የኦኤስፒኤፍ ጎረቤትነት «ኤክስስታርት» ላይ ተቸንክሮ ሲቀር፣ ባለሙያው ገመድ ከመንቀሉ በፊት የሁለቱን ጫፎች ኤምቲዩ (ሳይከፋፈል የሚያልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) ያመሳክር።

ሄሎ የሚባለው መልእክት ትንሽ ስለሆነ ያለችግር ያልፋል። ራውተሮቹ ኤክስስታርት ላይ ከደረሱ የሄሎና የዴድ ጊዜያቸው (በኢተርኔት ላይ የተለመደው 10 እና 40 ሰከንድ ነው) እንዲሁም የኤሪያ ቁጥራቸው ተስማምቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የሚላከው የዳታቤዝ መግለጫ ግን የላኪውን ኤምቲዩ ይዞ ይመጣል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የስሪት 2 መስፈርት እንደሚያዘው፣ ለ1500 ባይት የተዋቀረው ራውተር 9000 የሚል መግለጫ ሲደርሰው ይጥለዋል። ሌላኛው ደጋግሞ ይልካል፤ መልስ የለም።

በሲስኮ ራውተር ላይ «ኤምቲዩ ኢግኖር» የሚለው ትእዛዝ ፍተሻውን ያስቀራል። ጎረቤትነቱ ይመሠረታል፤ ልዩነቱ ግን እንዳለ ነው። ትልልቅ ፓኬቶች መንገድ ላይ ይቀራሉ፣ ፒንግ እየሠራ ድረ ገጽ አልከፈት ይላል፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ብልሽት ይልቅ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ኤምቲዩውን በሁለቱም በኩል እኩል አድርጎ፣ መከፋፈልን በሚከለክል ፒንግ ሙሉውን መጠን መፈተን ይሻላል።