የእንግዳ ንብረት ሲበላሽ ዕዳው የማን ነው?

ቅዳሜና እሑድ ሐዋሳ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳርም ሆነ አሞራ ገደል ለጥቂት ጊዜ የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር አይስተውም፤ እንግዳው የመጣው ያለውን ውድ ነገር ሁሉ ይዞ ነው። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ለፎቶ ይሰለፋሉ። ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ የመጣ ቤተሰብ መኪናውን ዛፍ ሥር አቁሞ ልጆቹን ወደ ጀልባ ይመራል። ስልኩን ያላወጣ የለም። ይህ ሁሉ ቀሚስ፣ ካሜራ፣ ስልክና መኪና ደግሞ ውኃ፣ ጦጣ፣ የረገበ ወንበርና የቸኮለ አስተናጋጅ ባለበት ቦታ ነው የሚውለው። ማንም ክፉ ሳያስብ የሆነ ነገር ይበላሻል።

አንድ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። አስተናጋጇ ጠረጴዛ ልትወለውል በረኪና የገባበት ባልዲ ይዛ ስትዞር ሰው ገፍቷት ባልዲው ይገለበጣል። ውኃው የአንዲት እናት የሐበሻ ቀሚስ ጫፍ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ርጥበት ብቻ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ቀይና አረንጓዴው ጥለት እየገረጣ ይሄድና ነጫጭ ነጠብጣብ ያወጣል። ልጅቷ ትደነግጣለች። «እትዬ፣ በእናትዎ ይቅር ይበሉኝ፤ ካወቁብኝ ከደሞዜ ነው የሚቆርጡት» ትላለች። እናትየዋም «ተይው የኔ ልጅ፣ ዕቃ ነው» ብለው ነጠላቸውን ወደ ታች ለቀቅ አድርገው ይነሳሉ።

ይህን ደግነት የሚነቅፍ አንደበት የለኝም። ነገር ግን ነገሩ እንዴት እንዳለቀ በጥሞና እንየው። ቀሚሱ የተበላሸባቸው እናት ከሰሩ። ባይከስሩ ኖሮ የምትከስረው ልጅቷ ነበረች። በዚህ ሁሉ መካከል ስሙ ጭራሽ ያልተነሳ አንድ ሰው አለ፤ የመዝናኛው ባለቤት። የኢትዮጵያ ሕግ ግን መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዛል። ጥፋት ሲባል ሆን ተብሎ የተደረገ ብቻ አይደለም፤ ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። ስለዚህ «ሳላስበው ነው» የሚለው ቃል ለይቅርታ ይበቃል እንጂ ዕዳ አይሰርዝም። ቁጥር 2130 ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ባልዲውን የያዘችው ልጅቷ ናት፤ በረኪናውን እንግዳ በተቀመጠበት ሰዓት የሚያስረጨው አሠራር ግን የቤቱ ነው። ትርፉ የሚገባው ለማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው የሕጉን መንፈስ ለመረዳት አይቸገርም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማቹ በዕቃም ሆነ በአገልግሎት ግብይት ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። የመግቢያ ቲኬት ቆርጦ የገባ፣ ወንበር ይዞ ቡና ያዘዘ ሰው ሸማች ነው።

ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው መከላከያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። «ለሚጠፋም ሆነ ለሚበላሽ ንብረት ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። ይህን ጽሑፍ ያየ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንዳለቀለት ይቆጥረዋል። አላለቀም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1686 አንዱ ወገን ለንግዱ ብሎ ያወጣቸው ጠቅላላ ሁኔታዎች ሌላውን ወገን የሚያስሩት ያ ሰው ሲያውቃቸውና ሲቀበላቸው፣ ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ያዘዛቸው ወይም ያጸደቃቸው ሲሆኑ ብቻ ነው ይላል። ከመጸዳጃው በር ጀርባ የተለጠፈ ወረቀት ማንም አውቆት፣ ማንም ተቀብሎት አያውቅም። ቁጥር 1887 ደግሞ ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን «ጥፋት ከሌለብን አንጠየቅም» እስከማለት ድረስ ሊያጠቡት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ከዚያ አልፎ «ጥፋት ብንሠራም አንጠየቅም» ለማለት ግን ያ ቁጥር መሠረት አይሆንም።

ሌላው ዓለምም ይህን መንገድ ሄዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1940 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዌልስ ባሕር ዳርቻ በተከራየ የሸራ ወንበር ጉዳይ ላይ ፍርድ ሰጥቶ ነበር። ሰውየው ወንበሩን ወስዶ፣ ከፍሎ፣ የተሰጠውን ቲኬት ሳያነብ ኪሱ ከተተው። ሸራው ተቀዶ ወደቀና ተጎዳ። ማዘጋጃ ቤቱ ቲኬቱ ላይ የታተመውን «ተጠያቂ አይደለንም» የሚል ቃል አቀረበ። ፍርድ ቤቱ ግን ቲኬቱ ገንዘብ መከፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ነው እንጂ ማንም ውል ይነበብበታል ብሎ የሚጠብቀው ወረቀት አይደለም በማለት መከላከያውን ውድቅ አደረገው። ጉዳቱ የአካል ነበር፤ አስተሳሰቡ ግን ሐይቃችን ዳር ለሚቀደድ ቀሚስም ይሠራል።

ከማስታወቂያው ይልቅ ነገሩን የሚወስነው ንብረቱ በዚያች ሰዓት በማን እጅ እንደነበረ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙው ክርክር የሚበላሸው ይህ ሳይለይ ስለሚጀመር ነው።

በር ላይ ያለው ፈታሽ ቦርሳህን ተቀብሎ ቁጥር የተጻፈባት ካርድ ሲሰጥህ አደራ ተቀብሏል። ሕጉ የአደራን ውል ከቁጥር 2779 ጀምሮ ለብቻው ያየዋል፤ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ሊጠብቅና ሊመልስ ግዴታ ይገባል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ስለ አደራ ዕቃ ይደነግጋል፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ የሚናገር ክፍል አለው። አደራ በላ መባል የትም ሰፈር ቢሆን ከባድ ስድብ ነው። በእኔ አመለካከት ግን የፈታሹ ጉዳይ ከተራ አደራም ይከብዳል። እንግዳው ካሜራውን የሰጠው ወዶ ሳይሆን «ይዘህ መግባት አይቻልም» ስለተባለ ነው። አስገድዶ የተቀበለ ቤት ዕቃው መሬት ላይ ወድቆ ሲሰበር «ኃላፊነት አንወስድም» ሊል የሚችልበት አንደበት የለውም።

መዋኛ ቦታዎች ላይ ያለው ሎከር ከዚህ ይለያል። ቁልፉን ራሱ እንግዳው ይዞት ከገባ ቤቱ ያቀረበው ሳጥን ነው እንጂ ጠባቂ አይደለም። እንዲህም ሆኖ ሳጥኑ ደህና መሆን አለበት። በሩ በማንኪያ የሚከፈት፣ ወይም ከላይ ካለው ቧንቧ ውኃ የሚንጠባጠብበት ሎከር አቅርቦ ገንዘብ መቀበል ቸልተኝነት ነው። ያቆመውን መኪና በተመለከተም ልዩነቱ ይኸው ነው። ክፍያ ተቀብለው ወረቀት የሚቆርጡት ወጣቶች ቦታ አከራዩ ወይስ መኪናውን ሊጠብቁ ተረከቡ የሚለው መጀመሪያ መለየት አለበት።

ጣሊያኖች በዚህ ረገድ አንድ ቁልጭ ያለ መልስ አላቸው። እ.ኤ.አ. የ1942ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው በአንቀጽ 1786፣ የሆቴል ባለቤት በእንግዳው ዕቃ ላይ ያለበት ጠንካራ ኃላፊነት የሕዝብ ትርኢት ማሳያዎችንና የመታጠቢያና የመዋኛ ቦታዎችን ጭምር እንዲመለከት አድርጓል። ሰው ልብሱን አውልቆ የሚገባበት ቦታ ሁሉ ሰው ተኝቶ እንደሚያድርበት ቦታ ይታይ ማለታቸው ትክክል ነው እላለሁ፤ ሁለቱም ጋ እንግዳው ዕቃውን እያየ ሊጠብቅ አይችልም።

ጦጣዎቹን ሳላነሳ ባልፍ የሐዋሳ አንባቢ ይታዘበኛል። አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ ያውቃል፤ ብስኩት የያዘ እጅ አይምሩም፤ ቦርሳ ከከፈቱም የሚበላውን ብቻ መርጠው አይወስዱም። ሕጉ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ድንገት አምልጦት ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ለልጆች ግልቢያ ፈረስ የሚያከራይ ሰው ፈረሱ የረገጠውን ስልክ «ደንግጦ ነው» ብሎ ማለፍ አይችልም ማለት ነው። የዱር ጦጣ ግን የማንም አይደለም። ቦታውን የሚያስተዳድረው አካል ሊጠየቅ የሚችለው በራሱ ጥፋት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ባህሪያቸውን እያወቀ አንድ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ካላቆመ፣ ወይም ለጦጣ የሚሰጥ ኦቾሎኒ እያሸጠ ወደ ሰው ካስጠጋቸው።

እንግዳውም የራሱ ድርሻ አለበት። ጀልባ ላይ ቆሞ ጉማሬ ሊቀርጽ ሲንጠራራ ስልኩ ሐይቅ የገባበት ሰው ባለጀልባውን ሊወቅስ አይገባም። ባለጀልባው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ሳለ ቸኩሎ ከመውረጃው መድረክ ጋር አላትሞት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱም አጥፍተው ከሆነም ቁጥር 2098 ካሳው በተጎጂው ጥፋት መጠን እንዲቀነስ ያደርጋል። ሙሉውን አሸንፎ ወይም ሙሉውን ተሸንፎ መውጣት ግዴታ አይደለም።

ስንት ይከፈል? ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ሦስት ዓመት ያገለገለ ስልክ በአዲስ ስልክ አይተካም፤ ያገለገለ ስልክ የሚያወጣውን ያህል ነው። ሊጠገን የሚችል ከሆነ መነሻው የጥገናው ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ግን ጊዜ ራሱ ገንዘብ ይበላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ስክሪኑ ተሰብሮ «ሰኞ ተመለስ» ሲባል የከረመ ሰው በድሮው ዋጋ ቢከፈለው ስክሪን አይገዛበትም። ስለዚህ የሚዘገይ ቤት በመዘግየቱ ሊጠቀም አይገባም፤ የሚታሰበው ዕቃው ዛሬ በሚጠገንበት ወይም በሚተካበት ዋጋ መሆን አለበት። ከስልኩ ጋር የጠፋው ፎቶ፣ በእናት እጅ የተፈተለው ቀሚስ ግን በገንዘብ ብዙም አይመለስም። ሕጉ የሕሊና ጉዳትን በገንዘብ የሚያስክሰው ለይቶ በጠቀሳቸው ሁኔታዎች ብቻ ሲሆን፣ በቁጥር 2116 የተቀመጠው ጣሪያም 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. ያ ብዙ ገንዘብ ነበር።

ወደ አስተናጋጇ ልመለስ፤ በዚህ ጉዳይ በጣም የሚቆጨኝ የእሷ ነገር ነው። ባለቤቱ ለእንግዳዋ ከከፈለ በኋላ ፊቱን ወደ ልጅቷ ማዞሩ የተለመደ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ደሞዝ እንደፈለጉ የሚቆረጥ አይደለም ይላል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ካልተስማማች መቁረጥ አይቻልም። ሲቻልም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዟ ሲሶ መብለጥ የለበትም። «ከሚቀጥለው ወር ሙሉውን» የሚል አለቃ ሕግ እየጣሰ ነው። ይልቁንስ ባለቤቱ ሊያየው የሚገባ ሌላ በር አለ። የአገራችን መድን ድርጅቶች በሥራ ቦታ ሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የኃላፊነት ዋስትና ይሸጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚያስተናግድ ቤት ይህን ዓረቦን እንደ መብራትና እንደ ውኃ ወጪ አድርጎ ቢይዘው፣ እናትየዋም ቀሚሳቸውን፣ ልጅቷም ደሞዟን ይዘው ይገቡ ነበር።

በሽምግልና መጨረስም ጥሩ መንገድ ነው። ሲዳማ አፊኒን የመሰለ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ ተቀምጦ የሚደማመጥበት ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ይቀመጥ። እንግዳና አስተናጋጅ ብቻቸውን ተያይተው የሚያለቅሱበት ነገር ሽምግልና አይደለም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። ጉዳቱ እንደደረሰ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የተበላሸው ዕቃና ሁኔታው ይጻፍበት፤ ፎቶ ይነሳ፤ ያየ ሰው ስሙን ያኑር፤ ተቆጣጣሪው ይፈርምና አንድ ቅጂ ለእንግዳው ይስጥ። መፈረም ጥፋትን ማመን አይደለም፤ የሆነውን መመስከር ነው። ይህን እንግዳው የመጠየቅ መብት አለው፣ ቤቱም ያለ ማቅማማት የመስጠት ግዴታ አለበት ባይ ነኝ፤ በቁጥር 2141 መሠረት የማስረዳት ሸክሙ የተጎጂው ስለሆነ ይህችን ወረቀት የከለከለ ቤት ካሳውንም እንደከለከለ ይቆጠራል። ለሐዋሳ ሰው ነገ ተመልሶ መጠየቅ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዲላ ወይም ከሻሸመኔ የመጣው ግን መኪናው ከመነሳቱ በፊት ቅጂውን ኪሱ ይክተት። ከውል ውጭ ኃላፊነት ላይ የተመሠረተ የካሳ ክስ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።