ጊደሯን አስሮ ኮርማውን መልቀቅ

ጃማይካውያን «ጊደርህን እሰር፣ ኮርማህን ልቀቅ» ይላሉ። ሴት ልጅ ትጠበቅ፣ ወንዱ እንዳሻው ይዙር ማለታቸው ነው። የአገሩ ምሁር ባሪ ቼቫንስ የወንድ ልጅ አስተዳደግን ሲያጠኑ ይህን አባባል አንሥተውታል።

የዚህን አስተዳደግ ጣጣ መድረክ ላይ ያወጡት ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ኪንግስተን ውስጥ «ሲስትረን» የተባለ የቴአትር ቡድን ተቋቋመ። አባላቱ ዝቅተኛ ኑሮ የሚኖሩ፣ ብዙዎቹም መንገድ ጠራጊ የነበሩ እናቶች ናቸው። ያሠለጠነቻቸው የጃማይካ ድራማ ትምህርት ቤት መምህርት ኦነር ፎርድ-ስሚዝ ነበረች። በ1978 ያሳዩት «ቤሊውማን ባንጋራንግ» በልጅነታቸው የሚያረግዙ ሴቶችን ኑሮና የሚደርስባቸውን ጥቃት ያነሣል። ታሪኩን የቀዱት ከራሳቸው ሕይወት ነው። ቤት ውስጥ «ነውር ነው» ተብሎ የተዳፈነው ነገር በቴአትር ሲቀርብ ሰው ቁጭ ብሎ አዳመጠው።

እኔም በነርስነት ዘመኔ የተደፈሩ ልጃገረዶችን ተቀብያለሁ። ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ለብሳ ነበር? የት ስትሄድ ነው?» እያለ ነው። «ይህን ያደረገው ልጅ እንዴት አድጎ ነው?» ያለ ግን አልገጠመኝም።

ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት ከደረሰ ልጅቷን ሳትወቅሱ፣ ገላዋንም ሳትታጠብ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዷት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ በቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጥ ይሠራል።

ከዚያ በፊት ግን ወንዶች ልጆቻችንን እናነጋግር። አባትም አያትም «የሴት እምቢታ እሺታ ነው» የሚለውን ቀልድ ይተዉ፤ ልጁ እየሰማ ነው።