በኦፕራሲዮን መውለድ፦ አዲስ አበባ ሞልቶ ፈሰሰ፣ መንዝ ገና አልደረሰውም

በአገራችን በቀዶ ሕክምና የሚገላገሉ እናቶች ድርሻ ከዓመት ዓመት እያደገ መጥቷል። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲካሄድ ድርሻው ከመቶ ወሊድ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ 2 ከመቶ ደረሰ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አነስተኛ ጥናት ደግሞ ከ5 ከመቶ በላይ አድርሶታል።

ይሁንና አማካይ ቁጥር እንደ ጅምላ ዋጋ ነው፤ ችርቻሮውን አያሳይም። በ2008ቱ ጥናት አዲስ አበባ 21 ከመቶ ሲያስመዘግብ የአማራ ክልል ከ2 ከመቶ ብዙም አላለፈም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ተገቢው መጠን ከ10 እስከ 15 ከመቶ ነው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫም በአንድ ሕዝብ ውስጥ መጠኑ ከ10 ከመቶ ሲያልፍ የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት ከዚያ በላይ እንደማይቀንስ አስታውቋል። እንግዲህ አዲስ አበባ ከልኩ በላይ፣ ገጠሩ ከልኩ በታች ናቸው ማለት ነው።

ገጠሩን ወደ ኋላ ያስቀረው የፍላጎት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ችግር አቅርቦቱ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ቀዶ ሐኪም፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ደም፣ ኦክስጅንና የማይቋረጥ መብራት በአንድ ጊዜ ያስፈልጓታል። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ አራቱ ዋጋ የላቸውም። ጤና ጣቢያ አዋላጅ ቢኖረውም አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮን አያደርግም።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከግሼ ራቤልና ከመንዝ ወረዳዎች የምትነሣ እናት ተስፋዋ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ነው። መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበ ነው፤ የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል በካርልሃይንዝ በም ድርጅት የተሠራው በዚሁ ስፍራ ነው። ከአቅም በላይ የሆነው ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። አምቡላንስ በማይገባበት ቀበሌ እናቲቱ እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ ትወሰዳለች፤ በክረምት ጭቃና ጎርፍ ሲጨመርበት ሰዓቱ ይረዝማል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ መንዝ መዝለቁ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በክልሉ ግጭት መቀስቀሱ ይታወሳል። መንገድ ሲዘጋ ሪፈራል ወረቀት ብቻ ይሆናል።

በመንግሥት ተቋም ወሊድ በነፃ እንዲሆን ተደንግጓል። ለቤተሰቡ ግን የመጓጓዣ፣ የአስታማሚ ቀለብና ማደሪያ ወጪ አለበት። መንዜው ያን ጊዜ የሚሸጠው በግ ነው፤ በችኮላ ገበያ የወጣ በግ ደግሞ ዋጋ አያወጣም። በዚህ ምክንያት የሚጠፋው ሰዓት ሕይወት ያስከፍላል።

በከተማ ነገሩ ይገለበጣል። ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ትምህርትና ገቢ ከፍ ሲል፣ ዕድሜ ሲገፋ፣ ክትትል ሲበዛና ወሊዱ በግል ሆስፒታል ሲሆን ኦፕራሲዮኑ ይበዛል። የምጥ ፍርሃት አለ፣ ቀን ቆርጦ መውለድ ለእናቲቱም ለሐኪሙም ይመቻል፣ ክፍያውም ከምጥ ወሊድ ይበልጣል። አንዴ የተቀደደ ማሕፀን ለቀጣዩ ወሊድም ሆስፒታል ይጠይቃል፤ ስለዚህ የዛሬው ቁጥር የነገውን ይጨምራል።

መንግሥት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሆኑ መካከለኛ ባለሙያዎችን ማሠልጠን መጀመሩ ሐኪም በሌለበት ቦታ መላ ሆኗል። ቀኗ የደረሰ እናት ሆስፒታል አጠገብ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያም የመንገዱን ችግር ያቃልላል።

በጤናው ዘርፍ ገንዘቡን ሊያፈስ ያሰበ ባለሀብት ሒሳቡን ከዚህ ይጀምር። አዲስ አበባ ላይ ሌላ የማዋለጃ ክፍል ቢከፈት የሚሻማው ያለውን ደንበኛ ነው። ጄኔሬተር፣ የኦክስጅን ማምረቻና የድንገተኛ መጓጓዣ ግን ከደብረ ብርሃን ወዲያ ፈላጊያቸው ብዙ ነው፤ የሚከፍለው እጅ አጭር መሆኑ እንዳለ ሆኖ። ስለሆነም ከመንግሥት ጋር ውል ሳይዙ ብቻን መግባት አያዋጣም።