ሳይሠራ የታወቀው ፈሳሽ

ተራኪ፦ ሩሲያዊው ሊቅ ድሚትሪ ሜንዴሌዬቭ ንጥረ ነገሮችን በየክብደታቸውና በየባሕርያቸው በሥርዓት በሰንጠረዥ ደርድሮ፣ ከሲሊኮን በታች ያለው መንበር ባዶ መሆኑን በተመለከተ ጊዜ፣ ገና ማንም ያላየውን ንጥረ ነገር «ኤካ ሲሊኮን» ብሎ ሰይሞ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1871 የአቶም ክብደቱ 72 ያህል እንደሚሆን ጻፈ። በዚህም ሳይወሰን፣ ይኸው ንጥረ ነገር ከአራት የኤቲል፣ ማለትም የካርቦንና የሃይድሮጂን፣ ክፍሎች ጋር ቢዋሐድ የሚገኘው ፈሳሽ ነጥበ ፍሌቱ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እፍግታው 0.96 እንደሚሆን አስቀድሞ ተናገረ።

በ1885 በሳክሶኒ፣ በፍራይበርግ አጠገብ ካለው ከሂመልስፉርስት የብር ጉድጓድ አርጂሮዳይት የተባለ አዲስ ማዕድን ወጣ። መምህር ክሌመንስ ዊንክለር ብሩንና ድኙን ለይቶ ቢመዝን ከመቶው ሰባት እጅ ያህል ጎደለበት፤ ምርመራውን ቢደጋግመውም ጉድለቱ አልሞላ ስላለ፣ የተሰወረ ንጥረ ነገር መኖሩን አምኖ በብዙ ትዕግሥት ሲፈልግ ቆይቶ በ1886 አገኘውና በአገሩ በጀርመን ስም ጀርማኒየም አለው። በማግሥቱ ዓመት የጀርማኒየምን ክሎራይድ ከዳይኤቲል ዚንክ ጋር አዋሕዶ ቴትራኤቲልጀርማንን ሠራ፤ ጀርማኒየም ከካርቦን ጋር በቀጥታ የተሳሰረበት የመጀመሪያው ውሑድ ይህ ነው።

ምስል፦ የሞለኪውሉ አምሳል በዝግታ ሲዞር።

ተራኪ፦ በመካከል አንድ የጀርማኒየም አቶም አለ። ማሰሪያ የሆኑት አራቱ የኤሌክትሮን ጥንዶች እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ፣ በአንድ ገጽ ላይ ተዘርግተው አይቀመጡም፤ ይልቁንም በመካከላቸው 109.5 ዲግሪ ያህል ማዕዘን እየተዉ በአራት አቅጣጫ ይለያያሉ፤ በእያንዳንዳቸውም ጫፍ አንድ ኤቲል ይያያዛል። የተወለደበት ክሎራይድ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል፤ ይህ ውሑድ ግን የጀርማኒየምና የካርቦን ማሰሪያ ብዙ ወደ አንድ ወገን ያላዘነበለ በመሆኑ፣ ከውሃ ሳይቀላቀል፣ ቀለም አልባ ዘይት መስሎ ሳይለወጥ ይኖራል።

ሜንዴሌዬቭ የዚህን ፈሳሽ ነጥበ ፍሌት ያወቀው በራእይ አልነበረም። በሰንጠረዡ በላይ ያለው ተመሳሳዩ የሲሊኮን ውሑድ በ153፣ በታች ያለው የቆርቆሮ ውሑድ በ181 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉና፣ የመካከለኛውን ልክ ከጎረቤቶቹ መረመረ። እፍግታው ከተናገረው ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ውሃ ቢጠጋም፣ ዊንክለር ፈሳሹ በ160 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ አየ። አንድን ንጥረ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ታላቅ ነገር ነው፤ ገና ካልተገኘ ንጥረ ነገር የሚሠራውን ውሑድ ነጥበ ፍሌት በዚህ ልክ ማወቅ ግን ለሰንጠረዡ እውነተኛነት ከሁሉ የበለጠው ምስክር ነው።