ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት

ነቢዩ ዳንኤል ወደ ባቢሎን በተማረከ ጊዜ የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ተምሮ በንጉሡ ቤት አገለገለ። ትምህርቱን አልናቀም፤ ነገር ግን በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ በልቡ ቈርጦ ከ3 ባልንጀሮቹ ጋር 10 ቀን በጥራጥሬና በውኃ ተፈተነ።

እኛም በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት የምንውል ክርስቲያኖች ከዘመኑ ዕውቀት እንድንሸሽ አልታዘዝንም። ረቡዕና ዓርብ በመጾማችን የሚስቁብን ቢኖሩ፥ ያለ ቍጣና ያለ ኀፍረት እንጹም። ዳሩ ግን ከሥጋና ከወተት ተከልክለን የድኻውን ጉዳይ እያጓተትን ጉቦ ብንበላ፥ ጾማችን ከንቱ ነው።

በዳርዮስ ዘመን የዳንኤል ጠላቶች በሥራው ስሕተት ፈልገው አላገኙም፤ ከአምላኩ ሕግ በቀር የሚከሱበት አጡ። በእኛም ላይ ከሃይማኖታችን በቀር ሌላ ክስ እንዳይገኝብን እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።