ሰንጠረዥ፣ ቼዝ እና ወረራ፦ ስለ ፈጣን ቼዝ ስያሜዎች

በበይነ መረብ ስለሚካሄደው ፈጣን የቼዝ ግጥሚያ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በመጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት የጨዋታው ስም ነው። «ሰንጠረዥ» ያለ እንደ ሆነ የዛሬው አንባቢ አሳብ በረድፍና በዓምድ ወደ ተከፈለው የአኃዝ መግለጫ ይሄዳል፤ «ቼዝ» ያለ እንደ ሆነ ደግሞ አገሪቱ ለዘመናት የተጫወተችውን ጨዋታ ስም የዘነጋ ይመስላል።

ቃሉ ከሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» ተነሥቶ፣ በፋርስ «ቻትራንግ»፣ በዐረብ «ሸጥረንጅ» ተብሎ ወደ እኛ የደረሰ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር እንደ ተጫወቱ ተመዝግቧል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት መሠረት ጨዋታው ከፋሽስት ኢጣልያ ወረራ በኋላ ጠፍቷል። ገበታው በመስመር የተከፈለ ጨርቅ ነበርና፣ ጨዋታው ሲጠፋ ስሙ በመስመር ለተከፈለ ገጽ የተረፈ ይመስለናል።

የሰንጠረዥ ልዩ ጠባይ አጀማመሩ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ በወደደው ፍጥነት ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር በበላ ጊዜ ነው። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። ተመልካቹም ዝም አይልም። ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 በትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ካየ በኋላ፣ በዙሪያው ያለ ሁሉ፣ ባሪያም ሳይቀር፣ እየጮኸ ምክር ይሰጥ እንደ ነበረ፣ የሚሻለውንም ለማሳየት ጠጠሩን በገዛ እጁ ያነሣ እንደ ነበረ ጽፏል። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ራስ እንዲያሸንፉ በብልሃት ይደረግ ነበር ይለናል።

በዛሬው ግጥሚያ ሰዓቱ ለማንም ማዕርግ አያደላም። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለአንድ ተጫዋች ከ10 ደቂቃ በላይና ከ60 በታች የሚሰጠውን አንድ ወገን፣ 10 ደቂቃና ከዚያ በታች ያለውን ሌላ ወገን አድርጎ ይለያል። በበይነ መረብ ልማድ ደግሞ ከ3 ደቂቃ በታች ያለው፣ ይበልጡንም የ1 ደቂቃው፣ የራሱ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 የፍጥነት ቼዝ ሻምፒዮና ፍጻሜ ማግነስ ካርልሰን ሂካሩ ናካሙራን 13½ ለ12½ ያሸነፈው በ5፣ በ3 እና በ1 ደቂቃ ተከፍሎ በተካሄደ ግጥሚያ ነበር። በረጅሙ ጨዋታ ተመልካች ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ እርምጃ ሊጠብቅ ይችላል፤ እዚህ ግን ታላቁ ባለሙያም እንደ ማናችንም ሲደናገጥና ሲሳሳት ይታያል። በገበታው ጎን የቆመው የኮምፒዩተር ግምት ማን እንደሚበልጥ ስለሚያሳይ፣ ጀማሪው ተመልካች ስሕተቱን ከተጫዋቹ አስቀድሞ ያውቃል። ይህን ጠቋሚ «ሚዛን» ብንለው በቂ ነው።

ስያሜው የሚከብደው ተጫዋቹ በባላጋራው ተራ አስቀድሞ የሚያዝዘው እርምጃ ላይ ነው፤ ባላጋራው እንደ ተጫወተ ወዲያው ይፈጸማል። «ወረራ» እንበለው የሚል አሳብ ይነሣ ይሆናል፤ ማራኪም ነው። እኛ ግን አንቀበለውም። በወረራ ተራ የለም፤ እዚህ ተራው እንደ ጸና ነው፣ ትእዛዙ ብቻ ይቀድማል። «ቅድመ እርምጃ» ይሻላል፤ «ወረራ»ም ለታሪኩ ይቆይ።

የ1 ደቂቃውን «ጥይት» ማለት አያስቸግርም፤ ፈጣን ነገር እንደ ጥይት በረረ ማለት በቋንቋችን የተለመደ ነውና። «ብሊትዝ» የጀርመን ቃል ሆኖ ትርጓሜው መብረቅ ነው። ሆኖም መብረቅ በአማርኛ እርግማንና ድንጋጤን እንጂ ፍጥነትን አስቀድሞ አያሳስብም። ስለዚህ «ብልጭታ»ን እንመርጣለን፤ በድምፅም መቀራረቡ አጋጣሚ ቢሆንም አይጠላም። ከ10 ደቂቃ በላይ ላለው «ፈጣን» ይበቃል። ሰዓቱ ያለቀበትን ሰው በተመለከተ ሕዝቡ «ሰዓት አለቀበት» ይላልና አዲስ ቃል መፍጠር ድካም ነው።

ወደ ጨዋታው ስም እንመለስ። ቃሉ የሚፈተነው በመዝገብ ሳይሆን አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን በሚነገሩባቸው ከተሞች፣ ለምሳሌ በምዕራብ ሐረርጌ፣ በጭሮ፣ በሒርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ነው። በዚያ የሚማር ልጅ «ሰንጠረዥ»ን የሚያውቀው ከሒሳብ መጽሐፉ ነው፤ «ቼዝ» ግን በሁለቱም ቋንቋ ያግባባዋል። የዞኑ ዋና ከተማ ራሷ ጭሮም አሰበ ተፈሪም ትባላለች፤ ሁለቱም ስሞች የየራሳቸው ዘመንና ተናጋሪ አላቸው፣ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። ስለዚህ ተርጓሚያን ለዛሬው ጨዋታ «ቼዝ»ን፣ ያለ ሰዓት በወረራ ለሚጀመረው ለጥንቱ ጨዋታ «ሰንጠረዥ»ን እንዲጽፉ፣ ከአኃዝ መግለጫው ጋር የሚያምታታ ሲሆንም «የሰንጠረዥ ጨዋታ» ብለው እንዲለዩ እናሳስባለን።